የድልድዩ ለቅሶ

የመጽሐፉን መጨረሻ ሰፈራችን በላው።

ነገሩ የሆነው ሰበታ ነው፤ መንገዱ በየሳምንቱ በሚዘጋበት፣ የጎማ ጭስ ከጅማ መንገድ ተነስቶ እኛ ቤት ድረስ በሚገባበት ጊዜ። ባለሱቁ ጋሽ ሐምዱ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልልበትን አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ ይገዛ ነበር። ሲቀድ ከኋላ ይጀምራል። ለምን ከኋላ እንደሚጀምር ስጠይቀው፣ ከፊት ከጀመረ ማንበብ የሚወዱ ደንበኞች ቀጣዩን ገጽ ፍለጋ እየተመላለሱ እንደሚያስቸግሩት ነገረኝ። በዚህ የተነሳ በእኛ ሰፈር ልቦለድ ሁሉ መነሻ እንጂ መድረሻ አልነበረውም።

አንድ ቀን አክስቴ ኢየሩስ ሩብ ኪሎ ስኳር ግዛ ብላ ላከችኝ። ስመለስ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገለበጠችና መጠቅለያውን ከመጣሏ በፊት አየት አደረገችው። ቆማ አነበበች። መሳቅ ስትጀምር ጣሳውን ሳትከድነው ወደ ሱቁ ሮጠች። ጋሽ ሐምዱ የቀረውን መጽሐፍ እንዲሁ አልሰጣትም፤ ከምትሠራበት ፋብሪካ የተጣለ ካርቶን አምጥታ በክብደቱ ልክ ለወጠችው።

ሽፋን አልነበረውም። ማን እንደጻፈው አላወቅንም፤ ርዕሱም የለም። እኛ "ድልድዩ" ነበር የምንለው። ታሪኩ የጦርነት ነው። አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ ክረምቱ ሲገባ ወንዙ መንገዱን ቀይሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። ድልድዩ ደረቅ መሬት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሁለት ጦር ግን ይዋጋበታል። ድልድዩን የያዘው ጄኔራል በየሳምንቱ "ወንዙ በቁጥጥራችን ሥር ነው" ብሎ ለበላዮቹ ሪፖርት ይልካል። ለበቅሎ ማዕረግ ይሰጣል። በድልድዩ ላይ መሄድ ትቶ ከሥሩ በእግሩ የተሻገረ ወታደር ይገረፋል።

አሁን ይህን ስጽፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ቆየት ብያለሁ። አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጥበት ቦታ ባለፍኩ ቁጥር ስለ ድልድዩ እጠይቃለሁ። የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።

እኛ ከሆሳዕና የመጣን ነን። እናቴ ያኔ እዚያው አያቴን ስታስታምም ነበር፤ ሰበታ የነበርነው አባቴ፣ ኢየሩስና እኔ ነን። ኢየሩስ የቤተ ክርስቲያናችን የድራማ አገልግሎት መሪ ነበረች። የቡድኑ ልጆች እንደ እሷ ለፋብሪካ ሥራ ከደቡብ የመጡ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የሠሩት ድራማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው ይሰክራል፣ ይሰርቃል፣ ሚስቱን ይመታል፤ መጨረሻ ላይ ተንበርክኮ ንስሐ ይገባል፣ ጉባኤው ያለቅሳል፣ መዘምራን ይነሳሉ። ኃጢአተኛውን ሁልጊዜ የሚሠራው ወንድም አጵሎስ ነው፤ የፋብሪካ መካኒክ ሲሆን ድምፁ ያለ ማይክ ግቢ ይሞላል። አሁን ጄኔራል ሆነ።

ልምምዱ ጋሽ ሐምዱ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ በስኳር ጆንያ መሀል። በጸሎት ይጀመራል፣ "አሜን" ሲባል ጦርነቱ ይቀጥላል። ድልድዩ የለስላሳ ሳጥን ነው። በቅሎዎቹ ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው። እኔና የጋሽ ሐምዱ ልጅ ሬሐና ጆንያ ላይ ተቀምጠን እናያለን።

ኢየሩስን ያስቸገራት፣ መጽሐፉ የሚያስቀው ሰዎቹ በሚናገሩት ሳይሆን ተራኪው ከጎን ሆኖ ጣል በሚያደርገው ነገር መሆኑ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ተራኪ የለም። ብዙ ቀን ስታስብበት ቆየችና የተራኪውን ቃል ሁሉ ድልድዩ መሬቱ ላይ ለቆመበት ገበሬ ሰጠችው። ገበሬው እያንዳንዱ ጦር ሲመጣ እየሄደ፣ መቼ ነው የማርሰው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሆነ። እሱን የሚሠራ ሰው ስታፈላልግ ግን ከቡድኑ አልወሰደችም። ኦቦ ባጫን ለመነቻቸው።

ኦቦ ባጫ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አባቴ የሚጠብቀው አጥር ውስጥ ያለው መሬትም የሳቸው ነበር።

አባቴ ዱባለ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው ፋብሪካ ገና አልተሠራም፤ ያለው የቆርቆሮ አጥርና አንድ ትልቅ ሰሌዳ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ፎቅና ዛፍ ተስሏል፤ ውስጡ ሣር ነው። ኦቦ ባጫ በየጠዋቱ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ይመጡና "አካም ቡልቴ፣ ዱባለ? መሬቴ ደህና አደረች?" ይሉታል። አባቴ ተነስቶ፣ "ደህና አድራለች ኦቦ፤ ማንም አልነካትም" ይላቸዋል። ከዚያ አብረው ይቀመጣሉ። እኔ ይህ የሰላምታ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ እየሰፋች ወደ እኛ እየመጣች ነው ሲባልም በእግሯ የምትመጣ ይመስለኝና ማታ መንገዱን አያለሁ። የኦቦ ባጫ ልጅ ስለዚህ ነገር ሰልፍ ወጥቶ ተይዟል። የት እንዳለ አያውቁም። እሳቸው ግን ልምምድ ቀርተው አያውቁም።

አባቴ ወታደር ነበር። ይህንን የማውቀው ከአልጋው ሥር ካለው ካፖርትና ከግራ ጆሮው ነው፤ በግራ ጆሮው አይሰማም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን እንኳ አውርቶልኝ አያውቅም። ስለማያወራ ትልቅ ጀግና አደረግሁት። ለሬሐና፣ አባቴ አንድ ተራራ ብቻውን እንደያዘ ነግሬያታለሁ። እሷም፣ ታዲያ አሁን ለምን ሣር ይጠብቃል ብላኛለች።

አንድ እሁድ ከሥራ ሲወጣ ልምምዱን ሊያይ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጄኔራሉ ወታደሮቹን ደረቅ ወንዝ ውስጥ ዋና የሚያለማምድበት ቦታ ነበር። ልጆቹ በሆዳቸው ሲሚንቶው ላይ ተኝተው ይንፈራገጣሉ፤ ወንድም አጵሎስ በላያቸው ቆሞ "ጠለቅ በል" ይላል። ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጁን ሲያነሳ ዓይኑ ቀልቶ ጉንጩ ርሶ ነበር፤ ተነስቶ ወጥቶ ሄደ።

ኢየሩስ በገዛ ወንድሟ እየቀለደች ነው አልኩ። ወታደርን የሚያዋርድ ነገር ሠርታ አባቴን ሰው ፊት አስለቀሰችው።

አባቴ ግን ይስቅ ነበር። ይህንን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሳቅ በድምፅ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከዚያ በፊት ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ ሳቁን በመልኩ አልለየሁትም።

ያኔ ግን ያለቀሰ ስለመሰለኝ የጎደለውን መጨረሻ ፍለጋ ተነሳሁ። መጽሐፍ ከሆነ መጨረሻው ላይ ወታደሩ መከበር አለበት ብዬ አሰብኩ፤ ያ ገጽ ከተገኘ ኢየሩስ የግዷን ትሠራዋለች። ሬሐና አባቷ ለማን ስኳር እንደሸጠ ስለምታውቅ እየመራችኝ ከቤት ቤት ዞርን። ሰው ሁሉ የመጠቅለያ ወረቀት ፍለጋ መምጣታችንን ሲሰማ ይስቅብናል። አንዷ ምድጃ አቀጣጥላበታለች፤ አንዱ ቤት ደግሞ የመስኮት ቀዳዳ ደፍነውበታል። እትዬ ጠጅቱ የምትባል ቂቤ ነጋዴ ብቻ፣ አንድ ወረቀት በርበሬ እንደታሰረበት ማጀት ውስጥ እንዳለ፣ ቅዳሜ ስትፈታው እንደምትሰጠን ነገረችን።

በዚህ መሀል የትልልቆቹ ነገር ተበላሸ።

አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ከከተማው ጸጥታ አንድ ሰው ሁለት ወታደር አስከትሎ መጋዘኑ ድረስ መጣና ያለ ፈቃድ መሰብሰብ እንደማይቻል ነገራቸው። ኢየሩስ ፈቃዱ የት እንደሚጠየቅ ጠየቀችው። ፈቃድ እየተሰጠ እንዳልሆነ ነገራት። ድራማው ስለምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ስለ ድልድይ ነው አለችው።

"ድልድይ ልማት ነው" አለ ሰውዬው አሰብ አድርጎ። "ጥሩ ነገር ነው። ግን አይቻልም።"

ኦቦ ባጫ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ ከልማቱ በፊት መታረስ የነበረበት መሬት እንዳለ በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ። ሰውዬው አማርኛውን ጠየቃቸው። እሳቸውም የድራማው ቃል እንደሆነ፣ እየተለማመዱ እንደሆነ ነገሩት።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ አዳራሹን ሊሰጡ ተስማምተው ነበር፤ የአምልኮ ጊዜ ስለሆነ ማንም አይከለክልም። ግን ጄኔራሉ መጨረሻ ላይ ንስሐ ይግባ አሉ። ወንድም አጵሎስ ደስ አለው። እሱማ ማንም ሳያዘው ይንበረከክ ነበር። መጽሐፉ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርሱ፣ ቀጥሎ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ጉልበቱ በልማድ መሬት ይነካና "ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ" ይላል። ኢየሩስ ትጮህበታለች። እሱም ይነሳና ይቅርታ ይጠይቃታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይንበረከካል።

"ይኼ ሰውዬ ንስሐ አልገባም" አለች ኢየሩስ፣ የሽማግሌዎቹን መልስ በሰሙ ቀን። "ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። ሳይገባ አስገብቼ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልዋሽም።"

ከልጆቹ አንዱ ጄኔራሉን በጥይት እንግደለው አለ። ሌላው፣ የሞተ ጄኔራል ያሳዝናል፣ ሰው ያለቅስለታል አለ። መጨረሻ የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ፈቃድ የለም። ኢየሩስ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። ሁሉም ነገር በቃ የተባለ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር።

"ጄኔራሉ ምንም አይሆንም" አለ አባቴ።

በሩ አጠገብ ነበር። እዚያ መጋዘን ውስጥ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ዞሩ።

"እኛም እንዲህ ያለ ድልድይ ነበረን። የብረት ነው። ወንዙ ክረምት ከበጋ ደረቅ ነው። ዲኖ የሚባል የወራቤ ልጅ አብሮኝ ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ወርዶ ከሥሩ ያፈስለታል። አንተ ሰውዬ አብደሃል ወይ ስለው፣ ድልድይ ያለ ውሃ ያፍራል ይለኛል።" ደንቆሮ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። "አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወረደና..."

ኢየሩስ እኔንና ሬሐናን አየችንና በዓይኗ በሩን አሳየችን። ወጣን። በቆርቆሮው ቀዳዳ ለማየት ሞከርን እንጂ የአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልሰማንም። ብዙ ቆይተው ሲወጡ ጋሽ ሐምዱ የአባቴን ትከሻ ይዞት ነበር። እኔ ይቅርታ የጠየቁት መሰለኝ።

አርብ ዕለት በአጥሩ በኩል ተኩስ ተሰማ። አባቴ የአዳር ተረኛ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት አልመጣም። ኢየሩስ ምን እንዳዘገየው ስጠይቃት፣ ሥራ አለው አለችና አልጋው ሥር ያለውን ካፖርት አውጥታ ይዛ ሄደች። ከሰዓት እትዬ ጠጅቱ ዘንድ ሄድኩ። በርበሬውን ሰልቃ ወረቀቱን አራግፋ ሰጠችኝ። በርበሬው ዓይኔን እያቃጠለኝ አየሁት። የመጨረሻው ገጽ ራሱ ነው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆኖ መሀሉ ላይ "ተፈጸመ" ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

ያንን ይዤ ስመለስ በራችን ላይ ድንኳን ተጥሏል።

የእድሩ ድንኳን ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ በክር የተሰፋ ቅዳድ ስላለው ከሩቅ አወቅሁት። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። ኢየሩስ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ካፖርቱን ለምን እንደወሰደችው ገባኝ። የሞተ ወታደር በካፖርቱ ይቀበራል ማለት ነው። አባቴ ተመቶ ሞቷል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ስፈልግ ቆይቻለሁ። ኢየሩስ አየችኝ፤ ወደ ውስጥ ግባ ብላ በእጇ ጠራችኝ፤ ፈገግም ያለች መሰለኝ። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ገባሁ። ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ዙሪያውን ተቀምጧል። መሀሉ ላይ የለስላሳ ሳጥኖቹ ተደርድረዋል። ሳጥኖቹ ላይ አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ የዘበኛ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል።

በኋላ ኢየሩስ እንዴት እንደሆነ ነገረችኝ። ተኩሱ አባቴን አልነካውም፤ ከአዳር ሲወጣ በቀጥታ ለልምምድ መጋዘን ገብቶ ነበር። ያን ቀን እኛ ስንወጣ አባቴ ነገሩን ጨርሶ ነገራቸው። ኦቦ ባጫ፣ ዲኖን ማን አለቀሰለት ብለው ጠየቁት። ማንም አላለቀሰለትም፣ ቤተሰቡን እንኳ አላውቃቸውም አለ። ወንድምህ ነው አሉት። ወንድሜ ነው አለ። ሞቱን መቼ ሰማህ አሉት። ያኔውኑ ሰምቻለሁ፤ የምነግረው ሰው አጣሁ እንጂ አለ። ኦቦ ባጫም፣ እድሩ ለአባል ወንድም ድንኳን፣ ወንበርና ጀበና ይሰጣል፤ ለቅሶ ለመቀመጥ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ወንድም አጵሎስ ውሸት እንዳይሆን ፈርቶ ነበር። አባቴ፣ ውሸት አይደለም፣ ዘገየ እንጂ አለው። ጋሽ ሐምዱ፣ የዲኖን ስም ከሰማ በኋላ፣ ንፍሮውን እሱ እንደሚያቀርብ ተናገረ።

ይህንን ሁሉ ለኔ የነገረኝ አልነበረም። እያንዳንዳቸው ሌላው የነገረኝ መስሏቸዋል።

ድራማው እንደተጀመረ ያ የጸጥታ ሰው ሁለቱን ወታደሮች ይዞ መጣ። ሰው ተሰብስቧል ተብሎ ተነግሮታል። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ ከልባቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት የሚያስለቅስ ነገር ያልደረሰበት ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። ወንበር ተለቀቀለት። ሬሐና ንፍሮ በሰሃን አቀረበችለት። አንድ እፍኝ ወስዶ አፉ ውስጥ ካደረገ በኋላ ነው ሳጥኖቹን ያየው።

"ምንድነው ይኼ?" አላቸው ኦቦ ባጫን።

"የሟች ታሪክ ነው" አሉት። "ሌላ ቦታ በወረቀት ያነቡታል። እኛ ማንበብ ስለማንችል እንዲህ እናደርጋለን።"

ኦቦ ባጫ ጋዜጣ አንብበው የሚጨርሱ ሰው ነበሩ። ይህንን ብለው ተነሱና ሳጥኖቹ መሀል ገቡ፤ ገበሬ ሆኑ። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ጄኔራሉን በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ጠየቁት።

"ላፍቲ ኩን ካን ኤኙቲ? ይቺ መሬት የማን ናት? የሚመልስልኝ ካለ ላርስ ነው፤ ክረምት አይጠብቀኝም።"

ይህ ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለም። የጸጥታው ሰው ሰሃኑን እንደያዘ ቀረ። ተነስቶ ቢከለክል ለቅሶ መበተኑ ነው፤ ለቅሶ የበተነ ሰው ደግሞ ሰበታ ውስጥ ከዚያ በኋላ የት ይኖራል።

አባቴ ጀሪካኑን አነሳ። በልምምድ ጊዜ በቅሎ የነበረው ጀሪካን አሁን ውሃ ሞልቶታል። ከሳጥኖቹ ወርዶ አፈሰሰው። ውሃው በድልድዩ ሥር አልፎ፣ በለቀስተኛው እግር መሀል እየተንኳለለ ወረደ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። "ድልድይ ያለ ውሃ ያፍራል" አለ አባቴ፤ ሰዉ ሳቀ፣ የለቅሶ ቤት ሳቅ፣ አፍን በነጠላ ይዞ የሚሳቅ። ያኔ ኢየሩስ ከኋላ የቆርቆሮ ክዳን መታች። አባቴ ወደቀ።

እኔ ነኝ የጮህኩት። ግን ወዲያው ተነሳ። ዲኖ ሞቷል፤ የተነሳው ዱባለ ነው። ካፖርቱን አራገፈና ለጄኔራሉ ሰላምታ ሰጠ። ወንድም አጵሎስ፣ የካርቶን መሪ የተገጠመለት የእጅ ጋሪ እንደ መኪና እየነዳ መጣ። ወታደሮቹ ሊሳፈሩ ጓዛቸውን ይዘው ተሰለፉ። ጄኔራሉ አልፏቸው ሄደና ድልድዩን አንድ በአንድ፣ ሳጥን በሳጥን ጫነ።

"እኛስ?" አለ አባቴ።

"ቦታ የለም" አለ ጄኔራሉ። "በእግር ኑ።"

እዚህ ላይ የወንድም አጵሎስ ጉልበት በልማድ መታጠፍ ጀመረ። ኢየሩስ ከኋላ ሳል አደረገች። እሱም የጫማውን ክር ያሰረ መስሎ ቀና አለና መኪናውን ነድቶ ከድንኳኑ ወጣ። አባቴ ሳጥን የሌለው ባዶ እርጥብ መሬት ላይ ዱላውን ይዞ ብቻውን ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ግን ፊቱን አልሸፈነም።

ሰዉ ተነስቶ እንደ ደንቡ አንድ በአንድ አጽናናው። የጸጥታው ሰውም ተራውን ጠብቆ መጣ። ለቅሶ ቤት ሌላ የሚባል ስለሌለ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣ ዛሬን እንዳላየ እንደሚያልፍ፣ ነገ ግን ድንኳኑ ፈርሶ ማየት እንደሚፈልግ ነገረው። የተናገረው በግራ ጆሮው ነው። አባቴ ቀኙን አዙሮ፣ ድገምልኝ አለው። ሰውዬው ሰው ሁሉ እየሰማ ሊደግመው ግድ ሆነ።

"ለቅሶ ሦስት ቀን ነው" አለው አባቴ።

ሰውዬው ኦቦ ባጫን አየ። ኦቦ ባጫ ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጋሽ ሐምዱን አየ። ቆቡን አድርጎ ወጣ።

በርበሬ የሸተተውን ወረቀት ለኢየሩስ ሰጠኋት። "ተፈጸመ" የሚለውን አይታ ሳቀች፤ አጣጥፋ ጋሽ ሐምዱ ዘንድ ለንፍሮው ጨው ማሰሪያ ላከችው።

በማግስቱ ከቡራዩም ከሱሉልታም ሰው መጣ፤ ለቅሶ ልንደርስ ነው ብለው ኬላውን አልፈው። ድንኳኑ ስላልበቃ ጎኑን ገለጡት። የጸጥታው ሰውዬም መጣ። ወታደሮቹ አብረውት አልነበሩም። ሹራብ ለብሶ ኋላ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ሲሰጡት ተቀበለ። አባቴ ጀሪካኑን ይዞ ሲወርድ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ለውሃው መንገድ ለቀቀ።